ከኮሮና ሕመም ስለ ዳነ ሰው ድካምና ስለ ጉልበቱ መመለስ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዛሬው በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ንግግር እንዲያደርግ በተወሰነ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ስለ ደረሰ፣ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ጓደኞቼ ስለ እስፖርት ጥቅም ተናገር አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ መጻፍ ጀመርሁ፤ ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቍጥር የሚታየኝ ኳስ ተጫዋች ወይም ሯጭ ሳይሆን፣ ከቤታችን ደጃፍ ግንድ ላይ ተቀምጦ በሬዎቹን ከሩቅ የሚመለከት አባቴ ሆነ። ስለዚህ ከጽኑ ሕመም የተነሣ ሰው ጉልበቱ እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚመለስ ለመናገር ቈርጫለሁ። አባቴ ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል። እንዲያውም እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጧልና፣ ልዋሽ ብፈልግም አልችልም።

የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እኛም ደብተራችንን ይዘን ወደየቤታችን ገባን። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለየ፤ የሚሌኒየም አዳራሽም ሕሙማን የሚተኙበት ስፍራ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳዩ ጊዜ አብቅቷል ብሎ ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ልክ በአርበኞች በዓል ቀን ነበር። እስከዚያ ድረስ በኢትዮጵያ በምርመራ የታወቁት ሕሙማን ግማሽ ሚሊዮን ያህል፣ የሞቱትም ከ7,500 በላይ ነበሩ። ይህ እንግዲህ የተመረመረውና የተጻፈው ብቻ ነው።

ሰዎች የሞተውን ከሞተ፣ የዳነውን ከዳነ ይቈጥራሉ። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሌላ ወገን አለ፤ ይኸውም ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ዳነ ተብሎ፣ ጠላ ተጠምቆለት፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው መሥራት ያልቻለ ሰው ነው። ይህን ወገን የቈጠረው የለም። በየቤቱ ሰነፍ ተብሎ ተቀምጧል።

አያቶቻችን ስለ ኅዳር በሽታ ሲያወሩ የሰማን አለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ይህ የጉንፋን ወረርሽኝ ባለጸጋና ድኻ አልለየም፤ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ እንኳ በጽኑ ታመው ተርፈዋል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ ከዚያ የመጣ ነው። ጢሱን ጠብቀን አቈይተናል፤ ከበሽታው የተነሡት ሰዎች ስንት ወር ሳይሠሩ እንደ ቈዩ ግን ለልጅ ልጅ የነገረ የለም። እኔ ዛሬ የምናገረው ይህ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሳይነገር እንዳይቀር ነው።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። ገብስና ድንች እናመርታለን። አባቴ በአካባቢው በእርሻ የታወቀ ሰው ነበር፤ ሁለት ጎረቤት አንድ ላይ የሚያርሰውን ብቻውን አርሶ ይገባል ይሉት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሁዳዴ ጾም አጋማሽ በሳልና በትኵሳት ጀመረው፤ በሰባተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረው፤ ወደ ሆስፒታልም ወሰድነው። እዚያ በጣቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ ሰኩለት፤ መሣሪያይቱም 76 የሚል ቍጥር አሳየች። እኔ የ13 ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ ከመቶ 76 ማግኘት መልካም ማርክ መሰለኝ። ቍጥሩ በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን እንደ ሆነና ሰውን ለሞት የሚያሰጋ እንደ ሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። (ይህችን መሣሪያ ያስገኘውን ሐሳብ ያፈለቁት አዮያጊ የተባሉ የጃፓን መሐንዲስ ናቸው፤ እኒህም ሰው ያረፉት በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ዓለም ሁሉ መሣሪያቸውን ሲሻማ በነበረበት ወቅት ነው።)

አባቴ 17 ቀን በኦክስጅን ላይ ተኛ። ብዙውን ጊዜ በሆዱ ያስተኙት ነበር፤ በሆድ መተኛት በጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ክፍል አየር እንዲያገኝ ይረዳልና። ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቤቱ ገባ። ጎረቤት እልል አለ። ስንወጣ የመድኃኒት ወረቀት ተሰጠን፤ ከእንግዲህ እንዴት እንደሚኖርና መቼ ሥራ እንደሚጀምር ግን የነገረን ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም፤ ሰው ከዳነ ዳነ ነው ብለን ነበር።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጣለ። አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ። እስከ እኩለ ቀን አረሰ፤ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። በማግሥቱ ግን ከመኝታው መነሣት አቃተው። ራሱን አመመው፤ እጅና እግሩ የሌላ ሰው እስኪመስለው ከበደው፤ ሦስት ቀንም ተኛ። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ እንደገና ጠመደ፤ እንደገናም ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ እርፉን ይዞ ትልሙን ሳይጨርስ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ወሬ ተጀመረ። አንዳንዱ ቡዳ በልቶታል አለ። አንዳንዱ ደግሞ ኮሮና መልካም ሰበብ ሆነለት፣ ሥራ ጠልቶ ነው አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን የራሴ ቃል ነው። አንድ ቀን ማታ እርሻውን ለብቻዬ ስሞክር ውዬ፣ እጄ ተልጦ ስገባ፣ «አባዬ፣ የሌሎቹ ልጆች አባቶች እኮ አርሰው ጨረሱ» አልሁት። አልተቈጣኝም። «እውነትህን ነው ልጄ» ብሎ ወደ እሳቱ ዞረ። ይህን በሕዝብ ፊት የምናገረው ከእናንተ መካከል ዛሬም እንዲህ ያለ ቃል በቤቱ የሚናገር እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

አጎቴ ደግሞ ሊያበረታታው ብሎ የአበበ ቢቂላን ነገር አነሣ። ታሪኩ እውነት ነው፤ አበበ በ1957 ዓ.ም. መስከረም የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ 6 ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በጥቅምት በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። «እርሱ ተቀዶ ሮጠ፤ አንተ ሳትቀደድ ማረስ አቃተህ?» አለው። ልዩነቱን ያን ጊዜ የሚያስረዳን አልነበረም። የአበበ ሕመም በአንድ ስፍራ የነበረና ተቈርጦ የወጣ ነው፤ ሳንባውንም ሆነ የእግሩን ሥጋ አልነካውም። አባቴን የያዘው በሽታ ግን ሳንባውን አቍስሎ፣ በመላ ሰውነቱ ላይ እሳት ለኵሶ፣ ሳምንታት በአልጋ ላይ ያጋደመው ነው።

እኔም በዚያ ሰኔ ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ ፈተናውን ሳልወስድ ለመቅረት ምንም አልቀረኝም ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተምሩኝ የነበሩ መምህር በጭቃ ተጕዘው ቤታችን ድረስ መጡ። እኔን ሊወቅሱ የመጡ ነበሩ፤ አባቴን ባዩ ጊዜ ግን ነገሩን ተዉትና፣ «ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ገና አልዳነም፤ ወደ ሐኪም መልሱት» አሉ። ለእርሻው አጎቴ ደቦ ጠራ፤ እኔም ፈተናዬን ወሰድሁ። በሐምሌ መጀመሪያ አባቴን ወደ ሐኪም ወሰድነው፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ከዚያ ሐኪም የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

የሰው ጡንቻ ካልተሠራበት ይመነምናል። ይህንን ሁላችንም በጥቂቱ እናውቀዋለን፤ ፍጥነቱን ግን አንገምተውም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎች የጭናቸው ጡንቻ ሲለካ በ10 ቀን ውስጥ ከመቶ 18 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ሕመም የሌለበት ሰው እንኳ አይተርፍም። በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ በ1966 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ጐልማሶች ለምርምር ሲባል 3 ሳምንት ሙሉ በአልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀንሶ ነበር፤ የቀነሰውም በተለይ ልባቸው በአንድ ምት የምትገፋው ደም በማነሱ ነው። ከዚያም ለ8 ሳምንት ልምምድ ቢያደርጉ የጠፋባቸው ተመለሰላቸው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ እነዚሁ 5 ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረመሩ፣ 3ቱ ሳምንት መተኛት የጐዳቸውን ያህል የ30 ዓመት ዕድሜ አልጐዳቸውም ነበር! እንግዲህ ጤነኛ ጐልማሳ በ3 ሳምንት እንዲህ ከሆነ፣ ትኵሳትና የሳንባ ምች ይዞት የተኛ የ46 ዓመት ገበሬ እንዴት ይሁን?

ይህ የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለም። በሽታው አስቀድሞ በታየበት በቻይና በዉሃን ከተማ፣ ከሆስፒታል የወጡ 1,733 ሰዎች ከ6 ወር በኋላ ተመርምረው ነበር፤ ከመቶ 63ቱ ድካም ወይም የጡንቻ መላላት እንዳለባቸው ተናገሩ። ከመቶ 26ቱ እንቅልፍ ያጡ ነበሩ። አባቴም ሌሊት ይነቃ ነበር፤ እንቅልፍ የሌለው ሰው ደግሞ ቀን ምን ጉልበት ይኖረዋል? የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታው ከጀመረ 3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቈይና በሌላ ሕመም የማይገለጽ ችግር ሲኖር የኮሮና ማግሥት ሕመም ነው ሲል ወስኖታል።

«በሌላ ሕመም የማይገለጽ» የሚለውን ቃል እባካችሁ አትለፉት። ደካማ ሁሉ የኮሮና ደካማ አይደለም። ሐኪሙ አባቴን የሳንባ ነቀርሳና የስኳር በሽታ፣ የደም ማነስም እንዳለበት መረመረው፤ አንገቱንም ዳሰሰ፤ በደጋ አገራችን የተለመደው እንቅርት ራሱ አንዳንድ ጊዜ ሰውን ያደክማልና። እነዚህ ሁሉ መድኃኒት ያላቸው ናቸው፤ መድኃኒት ያለውን ሕመም በኮሮና ስም መሸፈን ትልቅ ጥፋት ነው።

ደግሞ አገራችን ከፍተኛ ስፍራ ናት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጮቄ ጫፍ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከዚህም የባሰ ነው። እኛ እዚሁ ተወልደን ስላደግን አናስተውለውም፤ የጤነኛ ሰው ሳንባም ይችለዋል። የቈሰለ ሳንባ ግን በዚህ አየር ዳገት ሲወጣ እንደ ሸክም ነው። ከገበያ ወደ ቤታችን ያለውን ዳገት አባቴ 5 ጊዜ እያረፈ ይወጣው ነበር፤ ሲያርፍ ከአጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ ወደ ፊት ጐንበስ ይላል። ማንም ሳያስተምረው ያደርገው የነበረው ይህ ነገር ሐኪሞች ትንፋሽ ላጠረው ሰው የሚያስተምሩት አቋቋም ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሙ የሰጠን ትእዛዝ ሁለት ነገር ያዘለ ነበር፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። አትተኛ አለው፤ አትድከምም አለው። የሚተኛ ሰው ጡንቻው ይጠፋል፤ ከልኩ አልፎ የሚሠራ ደግሞ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይወድቃል፤ አባቴ በሰኔ ሦስት ጊዜ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ መንገዱ ልክን ማወቅ ሆነ። ልኩን ለማወቅ በዓለም የታወቀ ፈተና አለ፤ በ30 ሜትር ሜዳ ላይ ለ6 ደቂቃ እየተመላለሱ መሄድና የሄዱትን ርቀት መለካት ነው። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 700 ሜትር ይሄዳል። ሰዓትና ገመድ ካለ ሌላ መሣሪያ አያሻውም።

እኛም ቤት ስንደርስ መምህሬ በሜትር ለክተውልኝ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል 30 ሜትር ገመድ ዘረጋሁ። አባቴ በቀኝ ኪሱ ባቄላ ይዞ፣ አንድ ጊዜ በደረሰ ቍጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሱ ያዛውር ነበር፤ እኔ በስልክ ደቂቃውን እቈጥራለሁ። በመጀመሪያው ቀን 7 ባቄላ አለፈ፤ 210 ሜትር ማለት ነው። ሁለት ጊዜም ቆሞ አረፈ። ሁለት ሰው የሚያርሰውን ብቻውን ያርስ የነበረ ሰው! ያን ቀን ያልኩትን ቃል አስታውሼ ፊቴን አዞርሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅምና አሰልቺ ስለ ነበር በአጭሩ እናገራለሁ። በአንድ የሥራ ደረጃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን መቈየት፣ በማግሥቱ ካልወደቁ ብቻ ወደሚቀጥለው ማለፍ፣ ከወደቁ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ነበር። መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎ እስከ ምንጩ ሄደ። ከዚያ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ያመጣ ጀመር፤ ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ያዩት ሴቶች ሲስቁ፣ እናቴ «ተዉት፣ መድኃኒቱ ነው» ትላቸው ነበር። ድካሙ የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው በጸሎት ነበር፤ እየሄደ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይቋረጥ መድገም ከቻለ ልኩ ነው፤ ቃሉ ከተቈረጠበት አልፏልና ያርፋል። በስዊድን አገር ቦርግ የተባሉ ሊቅ የድካምን መጠን ከ6 እስከ 20 በቍጥር የሚያስመድብ ሚዛን አውጥተዋል፤ እኔ ለአባቴ ባስረዳው ጸሎቱን መረጠ። ደረቱን ከወጋው፣ ራሱን ካዞረው ወይም ተቀምጦ ሳለ ልቡ ያለ ምክንያት ከመታ ግን ሁሉን ትቶ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ተነግሮት ነበር።

ስለ ምግብም ትንሽ ልናገር። ጡንቻ ከባዶ ነገር አይሠራም። አባቴ ከሆስፒታል በወጣ ጊዜ ጾሙ ገና ነበርና፣ የንስሐ አባቱ ለሕመምተኛ ተፈቅዷል ቢሉትም እንቁላልና ወተት አልነካም ብሎ እስከ ፋሲካ ቈየ። እኔ በዚህ ላይ ልፈርድ አልወድም። ሐኪሙ ግን በጾሙም ቀን ቢሆን ሽሮና የባቄላ ንፍሮ እንዲበዛለት፣ በፍስኩም እንቁላል እንዳይቀርበት አዘዘ፤ እናቴም ለገበያ የምታወጣውን እንቁላል ማውጣት ተወች። የጨው ገንዘብ አጠረን፤ እርሷ ግን አላጕረመረመችም።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. አባቴ 11 ባቄላ አለፈ። በሚቀጥለው ፋሲካ 14 ሆነ። በዚያ ሰኔ ሩብ ጥማድ አርሶ ተመለሰ፤ በማግሥቱም በእግሩ ወደ ገበያ ሄደ፤ እኛም ያን ቀን ማንም ሳይነግረን ሁላችን ደጅ ወጥተን ሲመለስ ጠበቅነው። ቡዳ ነው ይሉ የነበሩት ሰዎች ምንም አላሉም። አንደኛው ግን ዝም ብሎ መጥቶ፣ የእርሱም ወንድም ከበሽታው ወዲህ ዳገት መውጣት እንዳቃተው ነገረን፤ ገመዱንም ተውሶ ሄደ።

ሁሉ ነገር እንደ ቀድሞው ተመለሰ ብል እዋሻለሁ። አባቴ እስከ ዛሬ ቀትር ካለፈ በኋላ አያርስም፤ በሬዎቹም ይህን ልማድ ወደውታል። በያዝነው ዓመት የተለካው 17 ባቄላና 10 ሜትር ነው፤ ይኸውም 520 ሜትር። እርሱ ግን መሬቱ ጭቃ ስለ ነበረ ነው እንጂ 18 ይሞላ ነበር ብሎ እስካሁን ይከራከረኛል።

ክርክሩን ዛሬ ለመቍረጥ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ፈቅደውልን፣ ከዚህ ንግግር በኋላ በእስፖርት ሜዳው ላይ 30 ሜትር ገመድ ዘርግተናል። ደቂቃውን እኛ ተማሪዎች እንቈጥራለን፤ ከወላጆችም ሆነ ከመምህራን ልኩን ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። አባቴ ባቄላውን በኪሱ ይዞ መጥቷል።